የጠፋ ወንድም እንዴት "ሞተ" ተብሎ ይመዘገባል? በስደት መንገድ ላይ ዋጋ የሚያስከፍሉ የእንግሊዝኛ ስህተቶች

ሐምዳይት፣ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ እና ሱዳን በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ በተከዜ ወንዝ አቅራቢያ የምትገኝ አነስተኛ የሱዳን የድንበር ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ከተሰደዱት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎቹ የሱዳንን ምድር የረገጡት በዚህች ከተማ በኩል ነበር። ከዚያም በርካቶቹ በገዳሪፍ ግዛት ወደሚገኙት የኡም ራኩባ እና የቱናይድባ መጠለያዎች ተወስደዋል።

ስደተኛው በደረሰበት ሁሉ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ስም? የትውልድ ዘመን? ከየት መጡ? ከማን ጋር? ጥያቄው በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይቀርባል፤ መልሱ በትግርኛ ወይም በአማርኛ ይሰጣል፤ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ዓመታት አልፈው ጉዳዩ ወደ ሦስተኛ አገር ኤምባሲ ወይም ወደ ጥገኝነት ሰሚ መሥሪያ ቤት ሲሸጋገር፣ መርማሪው ፊት የሚቀርበው ይኸው የእንግሊዝኛ መዝገብ ነው።

ስለ እንግሊዝኛ ስህተት ሲነሳ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው መምህራን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበት የነበረው ሰዋስው ነው። በድንበር ላይ ግን የስህተት ሚዛን ሌላ ነው። ጆሮ የሚያስቀይሙት ስህተቶች አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አይጎዱም። የሚጎዱት ሰዋስዋቸው የጸዳ፣ ሰሚው ምንም ሳይጠራጠር ተቀብሎ የሚጽፋቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

የሚያስቁ፣ ግን የማይጎዱ

የአማርኛ ተናጋሪዎች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ። በእንግሊዝኛ የማይበዙ ስሞችን ማብዛት አንዱ ነው፤ "ኢንፎርሜሽንስ"፣ "አድቫይስስ"፣ "ኢኩዊፕመንትስ" እንደሚሉት። "ዲስከስ" የሚለው ግስ ራሱ "ስለ አንድ ጉዳይ መወያየት" ማለት ሆኖ ሳለ "ዲስከስ አባውት" ማለትም የተለመደ ነው። "ሪተርን ባክ" ብሎ መመለስን ሁለት ጊዜ መናገር፣ በአማርኛው ልማድ "ቴሌቪዥኑን ክፈት" ለማለት "ኦፕን ዘ ቲቪ" ማለትም በዚሁ ምድብ ይገባሉ።

ወደ አማርኛ ገብተው ትርጉማቸውን የለወጡ ቃላትም አሉ። በአማርኛ "አንድ ዲያስፖራ" ስንል አንድ ሰው ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ በውጭ አገር የሚኖረውን ማኅበረሰብ በጅምላ የሚያመለክት ነው። "ስታፍ" የሚለውም እንዲሁ አንድን ሠራተኛ ሳይሆን ሠራተኞችን ባጠቃላይ ይገልጻል።

እንግሊዛውያንም ቢሆኑ በራሳቸው ቋንቋ አጠቃቀም ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ነውር ነው የሚለው ነቀፋ ቢያንስ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከባለቅኔው ጆን ድራይደን ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። እ.አ.አ. በ1926 የታተመው የሄንሪ ፋውለር የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገብ እንዲህ ያሉትን በርካታ "ሕጎች" መሠረት የሌላቸው አጉል እምነቶች ናቸው ሲል ሞግቷል።

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ሰሚው ስህተት መሆናቸውን ወዲያው ያውቃል፤ የተናጋሪውን ሐሳብም ይረዳል። "ኢንፎርሜሽንስ" በማለቱ ቤተሰቡን ያጣ ሰው የለም።

"ጠፋ" የሚለው ቃል

በአማርኛ "ጠፋ" ሰፊ ቃል ነው። ገንዘብ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ መንገድ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ ያላየነውን ወዳጅ "ምነው ጠፋህ?" እንለዋለን። ተደብቆ ያመለጠ ሰውም "ጠፍቼ ወጣሁ" ይላል። በሽሽት ወቅት ከቤተሰቡ የተነጠለ ሰው "ወንድሜ ጠፋብኝ" ቢል፣ የሚሰማው አማርኛ ተናጋሪ "እስካሁን አልተገኘም ወይ?" ብሎ ይጠይቀዋል።

ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት "አይ ሎስት ማይ ብራዘር" ይሆናል። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ትርጉሙ ግን በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ "ወንድሜ ሞተብኝ" ነው። መዝጋቢው "አዝናለሁ" ብሎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል፤ ወንድምየውም በመዝገቡ ላይ ከሚፈለጉት ሳይሆን ከሞቱት ይቆጠራል።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እንዲሁም ብሔራዊ የቀይ መስቀል እና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት በግጭት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግና የማገናኘት አገልግሎት ይሰጣሉ። ፍለጋው የሚጀመረው ግን ያልተገኘ ሰው መኖሩ ሲነገር ነው። ሞቷል ተብሎ የተጻፈን ሰው ማንም አይፈልገውም። ከዓመታት በኋላ ወንድምየው በሕይወት ተገኝቶ ከቤተሰቡ ጋር ለመቀላቀል ሲያመለክት ደግሞ "ቀደም ሲል ሞቷል ብለው አልነበረም?" የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ትክክለኛው አነጋገር "ማይ ብራዘር ኢዝ ሚሲንግ" የሚለው ነው፤ የት እንዳለ አይታወቅም ማለት ነው። "ዊ ዌር ሴፓሬትድ" ማለትም ይቻላል፤ ተለያየን እንደማለት ነው። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ "አይ ሚስ ማይ ብራዘር" ቢሉ ትርጉሙ "ወንድሜ ናፈቀኝ" ይሆናል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ። በአማርኛ ለታላላቆች ክብር ሲባል "አባቴ አርፈዋል" ይባላል። ይህን "ማይ ፋዘር ሬስትድ" ብሎ የተረጎመ ሰው፣ አባቱ ደክሟቸው እረፍት እንደወሰዱ መናገሩ ነው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ጨዋነት አይፈልግም፤ "ማይ ፋዘር ዳይድ" ማለት ነውር የለበትም።

"አዎ" የሚለው መልስ "አይደለም" ሲሆን

"በውትድርና አላገለገልክም?" ተብሎ የተጠየቀና ያላገለገለ አማርኛ ተናጋሪ "አዎ" ብሎ ሊመልስ ይችላል። "አዎ፣ እንዳልከው ነው፤ አላገለገልኩም" ማለቱ ነው። በአማርኛ "አዎ" ከጠያቂው አባባል ጋር መስማማትን ያሳያል።

በእንግሊዝኛ ግን "የስ" ከጠያቂው አባባል ጋር ሳይሆን ከድርጊቱ መፈጸም ጋር ይሄዳል። "ዲድንት ዩ ሰርቭ ኢን ዘ አርሚ?" ለሚለው ጥያቄ "የስ" ብሎ መመለስ "አገልግያለሁ" ማለት ነው። ያላገለገለ ሰው "ኖ" ማለት አለበት። አንድ ቃል ሲቪሉን ወታደር፣ ወታደሩን ሲቪል ታደርጋለች። ማንነትን በሚያጣራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

መፍትሔው በአንድ ቃል አለመመለስ ነው። "ኖ፣ አይ ዲድ ኖት ሰርቭ" ብሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተናገረ ሰው መልሱ በሁለት መንገድ ሊተረጎም አይችልም።

"እሺ" የሚለውም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። አማርኛ ተናጋሪ ሲያዳምጥ "እሺ፣ እሺ" የሚለው አንዳንዴ መስማማቱን ሳይሆን እየሰማ መሆኑን ለመግለጽ ነው። ይህ "የስ፣ የስ" ወይም "ኦኬ" ተብሎ ሲተረጎም እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ "አዎ" የማለት ልማዳችንም ለማያውቀው ሰው የድንጋጤ ድምፅ ሊመስል፣ በድምፅ መቅጃም ላይ መልስ እንዳልተሰጠ ሊያስቆጥር ይችላል።

ወንድም፣ አማች፣ ባለቤት

በእኛ ማኅበረሰብ አብሮ ያደገ የአጎት ልጅ "ወንድሜ" ቢባል ማንም አይገረምም። ያሳደገች አክስትም "እናቴ" ትባላለች። በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ግን "ብራዘር" የሚለው ቃል በእናት ወይም በአባት፣ አልያም በሁለቱም የሚገናኝ ወንድምን ብቻ ያመለክታል። የአጎት ወይም የአክስት ልጅ "ከዝን" ነው።

የዚህ ክብደት የሚታየው ቤተሰብን መልሶ ለማገናኘት በሚደረግ ሂደት ነው። በመጀመሪያው ምዝገባ 3 ወንድሞች እንዳሉት የተናገረ ሰው፣ በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ አንድ ወንድምና ሁለት የአጎት ልጆች ብሎ ቢያስረዳ፣ በሁለቱም ጊዜ እውነቱን ተናግሮ ሳለ መዝገቦቹ ይጋጩበታል። አንዳንድ አገሮች የቤተሰብን ዝምድና በዘረ መል ምርመራ ስለሚያጣሩ ልዩነቱ በላቦራቶሪም ሊወጣ ይችላል።

"አማች" የሚለው ቃል የሚስትን አባት፣ የልጅን ባል፣ የእህትን ባል ሁሉ ሊያካትት ይችላል፤ እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ስም አለው። "ባለቤቴ" የሚለው የአክብሮት ቃል ደግሞ ባልና ሚስትን አይለይም፤ ቃል በቃል ከተተረጎመም የንብረት ባለቤት ይሆናል። አስተርጓሚው "ሃዝባንድ" ነው ወይስ "ዋይፍ" ብሎ እንዲገምት ከመተው ዝምድናውን አፍታቶ መናገር ይሻላል።

"ስደተኛ" እና "የተሻለ ሕይወት"

በአማርኛ "ስደተኛ" የሚለው ቃል ከጦርነት የሸሸውንም፣ ሥራ ፍለጋ ባሕር የተሻገረውንም ይጠቀልላል። በእንግሊዝኛ ግን ቃላቱ የተለያዩ ናቸው፤ በሕግ ፊት ያላቸው ውጤትም እንዲሁ። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቀው "አሳይለም ሲከር" ነው። ጥበቃ የሚገባው መሆኑ የታወቀለት "ሪፊውጂ" ይባላል። በሥራም ሆነ በሌላ ምክንያት አገር የቀየረ "ማይግራንት" ሲባል፣ በአገሩ ውስጥ የተፈናቀለው ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ስያሜ አለው።

እ.አ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እንዳይሳደድ በቂ መሠረት ያለው ስጋት ያደረበትን ሰው ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው ስምምነት ደግሞ የውጭ ወረራን እና የሕዝብን ሰላም በእጅጉ የሚያናጉ ክስተቶችን ሸሽቶ ድንበር የተሻገረንም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው የአማርኛ አባባል የሚያሳስተው። "ለምን መጣህ?" የተባለ ሰው፣ በጨዋነትም በልማድም "ለተሻለ ሕይወት" ይላል። በውስጡ የተቃጠለ ቤት፣ የተገደለ ጎረቤት ሊኖር ይችላል። "ፎር ኤ በተር ላይፍ" የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ግን በኢኮኖሚ ምክንያት የተሰደደ ሰው መለያ ሆኖ የሚወሰድ ነው። የሸሸው ምን እንደነበረ ሳይጠየቅ ሊታለፍ ይችላል።

ነገሩ እውነትን የማስዋብ ጉዳይ አይደለም። የደረሰበትን የሚያውቀው ተናጋሪው ነው፤ የሚያስፈልገው የደረሰበትን በቅደም ተከተል መናገር እንጂ በተለመደ ሐረግ መሸፈን አይደለም።

"ያዙን፣ ወሰዱን"፦ እነማን?

የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ይይዛል። "መጡ፣ ያዙን፣ ወሰዱን" ብሎ መተረክ ሙሉ ንግግር ነው። በእንግሊዝኛ ግን "ዘይ ኬም፣ ዘይ ቱክ አስ" ሲባል ሰሚው "እነማን?" ይላል፤ መልስ ካላገኘ ደግሞ ተራኪው ያየውን ሳይሆን የሰማውን የሚናገር ሊመስለው ይችላል። የለበሱት ልብስ፣ የተናገሩት ቋንቋ፣ ቁጥራቸው ከታወቀ መነገር አለበት፤ ካልታወቀም "አላውቅም" ማለት ራሱ መልስ ነው።

በዚህ ላይ የአክብሮት አነጋገር ይጨመራል። ስለ አንድ ሽማግሌ "እሳቸው መጡ" ስንል ግሱ የብዙ ቁጥር መልክ አለው። ይህ "ዘይ ኬም" ተብሎ ከተተረጎመ አንዱ ሰው ብዙ ይሆናሉ።

ሰባት ወይስ ስምንት ዓመት?

ከሁሉም ስህተቶች ማስረጃው በቀላሉ የሚገኘው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ ይላል። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ አውሮፓውያን ዓመት ፍጻሜ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ይጨመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ 8 ዓመት ይጨመራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጥር 1997 ዓ.ም. የተወለደ ታዳጊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው በ2005 ነው። ጦርነቱ በተጀመረበት ወቅት ዕድሜው 15 ዓመት ነበር። "1997" ብሎ የተናገረው እንዳለ ከተመዘገበ ግን የ23 ዓመት ሰው ይሆናል። ያለ ወላጅ ድንበር የተሻገረ ልጅ ሊያገኘው የሚገባው ልዩ ጥበቃ በዚህች አንድ መስመር ሊቀር ይችላል።

ሰዓቱም የራሱ ወጥመድ አለው። የእኛ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ "ከጠዋቱ 1 ሰዓት" ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ 7 ሰዓት ነው። ሌሊቱ ደግሞ ቀኑንም ያዛባል፤ በአውሮፓው አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ሲሆን፣ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገና የትናንቱ ሌሊት ነው። ጦርነቱ የተጀመረበት ዕለት ራሱ ምስክር ነው። ኢትዮጵያውያን ሌሊቱን "ጥቅምት 24" ብለው ያስታውሱታል፤ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በአውሮፓው ኖቬምበር 3 ነው። በርካታ ዓለም አቀፍ ዘገባዎች ግን የጦርነቱን መጀመሪያ ኖቬምበር 4 ይሉታል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሌሊት ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ በመተማ እና በኩርሙክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገሩት ሱዳናውያን ሆነዋል። የአውሮፓውን አቆጣጠር የለመደ ሱዳናዊ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሚሠራ ባለሙያ ፊት ሲቀርብ፣ ያው ስህተት በተቃራኒው አቅጣጫ ሊፈጠር ይችላል።

ስም እና ቦታ

"ላስት ኔም" የሚለው ጥያቄ ለአብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን መልስ የለውም። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን የሚከተለው የአባት፣ ከዚያም የአያት ስም ነው። ሚስትም ስትጋባ ስሟን አትቀይርም። በመሆኑም የአባት፣ የእናት እና የልጅ "የመጨረሻ ስም" ሦስት ዓይነት ይሆናል፤ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ቤተሰብ መሆናቸውን ሊጠራጠር ይችላል። "ገብረ"፣ "ወልደ"፣ "ኃይለ" ብለው የሚጀምሩ ጥምር ስሞች ደግሞ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሹ የአባት ስም ሆኖ ይገኛል።

በምሥራቅ ሱዳን ስሙ ከግዕዝ ፊደል ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገርበት አጋጣሚም አለ። የዐረብኛ ጽሕፈት አጫጭር አናባቢዎችን አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም፤ ለ"ጰ" እና ለ"ጨ" ደግሞ የራሱ ፊደል የለውም። "ጴጥሮስ" በአንድ ወረቀት ላይ በ"ጴ"፣ በሌላው በ"ቡ" ሊጀምር የሚችለው ለዚህ ነው።

ቦታዎችም ሁለት ስም አላቸው። ኢትዮጵያውያን ተከዜ የሚሉትን ወንዝ ሱዳናውያን ሰቲት ይሉታል። የመተማ አንጻር የሆነችው የሱዳን ከተማ ጋላባት ናት። በአንዱ ቃለ መጠይቅ "ተከዜን ተሻገርኩ"፣ በሌላው "ሰቲትን ተሻገርኩ" ያለ ሰው የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ መርማሪው ግን ሁለት ወንዝ ሊመስለው ይችላል።

በቃል ዋጋ የተከፈለበት ታሪክ

የሁለት ቋንቋዎች አለመገጣጠም ምን እንደሚያስከትል ኢትዮጵያውያን ቀድመው ያውቁታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የሚሰጥ፣ በጣልያንኛው ደግሞ ግዴታ የሚጥል ነበር። በ"ይቻላል" እና በ"ግድ ነው" መካከል የነበረው ልዩነት ወደ ዐድዋ ካመሩት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ከዐድዋ ድል በኋላ፣ እ.አ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ እና ብሪታኒያ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ለመወሰን የተፈራረሙት ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሁለቱም ቅጂዎች እኩል ሕጋዊ እንዲሆኑ ተደንግጓል። ስደተኞች የሚሻገሩት ድንበር ራሱ በእነዚሁ ሁለት ቋንቋዎች የተጻፈ ነው። መንግሥታት ሕግ አዋቂ እና አስተርጓሚ አቅርበው የሚጨነቁበትን ነገር፣ ስደተኛው ብቻውን፣ በድካምና በሐዘን መሐል ሆኖ ይጋፈጠዋል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው በሚችሉት ቋንቋ መናገር ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለመመለስ መድፈር የትምህርት ምልክት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ግን የሚመዘነው እውቀት ሳይሆን ቃል ነው። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አሠራር አመልካቹ በሚረዳው ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል። ከአስተርጓሚው ጋር ካልተግባቡ ይህንኑ ወዲያውኑ መናገር ተገቢ ነው፤ ዝም ብሎ መቀጠል ግን ኋላ ለማረም ያስቸግራል።

ሁለተኛው የትኛውን የዘመን አቆጣጠር እና የትኛውን ሰዓት እንደሚጠቀሙ ቀድሞ መናገር ነው። "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" የሚሉ ሁለት ቃላት የ8 ዓመት ስህተትን ይከላከላሉ። ቀኑን በትክክል የማያስታውሱ ከሆነም "ከገና በፊት"፣ "በመኸር ወቅት" ማለት፣ ያልተረጋገጠ ቁጥር ከመስጠት ይሻላል።

ሦስተኛው የስምን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከመጀመሪያው ወረቀት ሳይለውጡ መቀጠል ነው። አጻጻፉ ውብ ላይሆን ይችላል፤ ይሁንና መዝገቦች የሚነጻጸሩት በፊደል ነውና ከውበት ይልቅ ወጥነት ይበልጣል። መታረም ካለበትም በሚመለከተው ቢሮ በኩል በይፋ ይታረም እንጂ በአዲስ ወረቀት ላይ በራስ ፈቃድ አይቀየር።

የመጨረሻው፣ ምናልባትም ዋነኛው፣ ከመፈረም በፊት የተጻፈው እንዲነበብ መጠየቅ ነው። ንባቡ ቃለ መጠይቁ በተደረገበት ቋንቋ ሊሆን ይገባል። ሲነበብ በተለይ ሦስት ነገሮችን ማድመጥ ይጠቅማል። እነሱም የትውልድ ዓመቱ፣ የቤተሰብ አባላት ዝርዝርና ዝምድናቸው፣ እንዲሁም ከእያንዳንዳቸው ስም አጠገብ በሕይወት አለ፣ ሞቷል ወይም የት እንዳለ አይታወቅም ተብሎ የሰፈረው ቃል ናቸው።